57 ቶኑ ሎኮሞቲቭ፦ ከሸዋ ሮቢት እስከ አንኮበር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኤሌክትሪክ ባቡር ለቀረበ አጭር ጥያቄ ስመልስ፣ ስዊዘርላንዶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የሠሩትን 57 ቶን ብቻ የሚመዝን ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትት የባቡር ራስ) በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከሰሜን ሸዋ ብቻ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ታመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። እጅግ ደስ ብሎኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ አጥብቆ የሚጠይቀኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር። ስለዚህ የዚህን እትም አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ የባቡር ወሬ ከአፋችን አይጠፋም። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ተሳቢ ስጎትት የማውቀው አንድ ነገር፣ ጎታቹ ክብደት ከሌለው ዳገት ላይ ጎማው እንደሚንሸራተት ነው። እርስዎ ደግሞ 57 ቶን ሎኮሞቲቭ ረጅም ባቡር ይጎትታል ይላሉ። ቀላሉ ከባዱን እንዴት አድርጎ ይጎትታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሪ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነገር ትክክል ነው። የባቡር መሐንዲሶችም ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሉት የኖሩት ይህንኑ ነው። ጎማ የሚገፋው መሬቱን ይዞ ነው፤ የብረት ጎማ የብረት ሐዲድን የሚይዘው ደግሞ የእርስዎ መኪና ጎማ አስፋልቱን ከሚይዘው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን ሎኮሞቲቭ ሊጎትትበት የሚችለው ጉልበት፣ በሞተር በሚሽከረከሩት ጎማዎች ላይ ካረፈው ክብደት ሩብ ያህል ነው። ሲዘንብ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ከዚህ አልፈው ሞተሩን ቢያስጨንቁት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ሐዲዱን ይበላዋል እንጂ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የሚረዳው ክብደት በሚሽከረከሩት ጎማዎች ላይ ያረፈው ብቻ ነው። ሌላው ክብደት ሁሉ ሸክም ነው። የዚህ ሎኮሞቲቭ ታሪክ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

የስዊዘርላንድ ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ «ኤኢ 4/7» የሚባል ሎኮሞቲቭ ነበረው። 127 ተሠርተዋል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱን ሕዝብ ያመላለሱ ጎበዞች ናቸው። ቁጥሩ የሚነግረን፣ ከሰባቱ አክስሎች (ግራና ቀኝ ጎማ የሚያያይዙ የብረት ዘንጎች) ሞተር ያላቸው አራቱ ብቻ መሆናቸውን ነው። ክብደቱ 120 ቶን ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ወደ 40 ቶን የሚጠጋው ያረፈው ዝም ብለው በሚንከባለሉት በሦስቱ አክስሎች ላይ ነበር። እንግዲህ ያስቡት፤ ያ 40 ቶን ለጉተታው ጠብ የሚል ነገር አይጨምርም፤ ይልቁንም ከተሳፋሪው ጋር አብሮ የሚጎተት ጭነት ነው።

ታዲያ ለምን አስቀመጧቸው? የዘመኑ መሐንዲሶች ሞኞች ስለነበሩ አይደለም። ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛ፣ ትራንስፎርመሩና ሞተሮቹ ከባድ ስለነበሩ ክብደቱን በአራት አክስል ላይ ብቻ ቢያሳርፉት ሐዲዱና ድልድዩ አይችለውም ነበር። ሁለተኛ፣ ከፊት የሚሄድ ነጻ አክስል መሪ ሆኖ ካላቀናው በስተቀር ትልቅ ሎኮሞቲቭ በፍጥነት ሲሄድ ከሐዲዱ ጋር ይጣላል የሚል፣ ከእንፋሎት ዘመን የተወረሰ ጽኑ እምነት ነበር። ሞተሩን ከጎማው ጋር ቦጊ ውስጥ ከትቶ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ብዙዎችን ያስፈራ ነበር። ቦጊ ማለት ከሳጥኑ ሥር ለብቻው የሚዞር፣ ሁለት ወይም ሦስት አክስል የሚይዝ የብረት መደብ ነው፤ ሐዲዱ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው።

ይህን ፍርሃት የሰበረው ትልቅ ሎኮሞቲቭ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ቀይ ባቡር ነበረች። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚው ቀውስ ጸንቶ፣ መኪናውም እየበዛ፣ ባቡር ተሳፋሪ ማጣት ጀምሮ ነበር። ድርጅቱ በ1935 «ቀይ ቀስት» የተባለች፣ ለብቻዋ የምትሄድ ባለ 70 ወንበር ያህል የኤሌክትሪክ ፉርጎ አወጣ። በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሕዝቡ ወደዳት፤ ከመውደዱም የተነሣ መቀመጫ ጠፋ። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ሆና የተሠራችው ብቻዋን እንድትሄድ በመሆኑ፣ ሰው ሲበዛ ከኋላዋ ፉርጎ እየቀጠሉ መሄድ አልተቻለም። መቼም ተሳፋሪ ጣቢያ ላይ ቆሞ እየቀረ የሚያተርፍ ባቡር የለም።

በ1937 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ያ ነገር ባይመጣ ኖሮ ሎኮሞቲቩ ባልተወለደ ነበር እላለሁ፤ እሱም ከቀላል ብረት የተሠራው የተሳፋሪ ፉርጎ ነው። የቀድሞው የብረት ፉርጎ 40 ቶንና ከዚያ በላይ ሲመዝን አዲሱ 30 ቶን ገደማ ነበር። አሮጌው በከባድ መደብ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ነው፤ አዲሱ ግን በብየዳ ተያይዞ ጎኑ፣ ጣሪያውና ወለሉ አንድ ላይ ሆነው ክብደቱን የሚሸከሙ ቱቦ መሰል አካል ነው። አሥር ፉርጎ ቢቀጣጠል አንድ መቶ ቶን ተቀነሰ ማለት ነው። ጉልበት ሳይጨመር አንድ መቶ ቶን መቀነስ! እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ ድምፄ ከፍ ይል ነበር፤ ዛሬም ስጽፈው ልቤ ያው ነው።

ቀላሉን ፉርጎ የሚጎትት ቀላል ጎታች ቀጥሎ ተፈለገ። የመጀመሪያው ሙከራ በ1940 የወጡት ሦስት ሻንጣ ጫኝ ሎኮሞቲቮች ናቸው፤ አራቱም አክስሎቻቸው በሞተር የሚሽከረከሩ፣ መሐላቸው የሻንጣ ክፍል ያላቸው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ጉልበታቸው ግን አነሰ። ብዙም ሳይቆዩ ለሌሎች የባቡር ድርጅቶች ተሸጡ። ከዚያ በ1944 የስዊዘርላንድን ተራራ የሚያቋርጠው የሌችበርግ መስመር ድርጅት «ኤኢ 4/4» የተባለውን አወጣ፤ 80 ቶን ክብደት፣ 4,000 የፈረስ ጉልበት፣ አራት አክስል፣ አራቱም ሠራተኛ። በጦርነቱ መሐል፣ ዙሪያዋን በታጠረች አገር ውስጥ የተሠራ ነው። ሁለት ቦጊ ያለው ትልቅ ሎኮሞቲቭ ያለ ተሸካሚ አክስል በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር በሰላም እንደሚሄድ ያረጋገጠ እሱ ነው። እኔ በባቡር ታሪክ ውስጥ ከፍ አድርጌ የማየው ሎኮሞቲቭ ቢኖር ይህ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አብዛኞቹ የእሱን አካሄድ የተከተሉ ናቸው።

እነሆ በ1946 የእኛው 57 ቶን መጣ። «አርኢ 4/4» ይባላል፤ በኋላ ሌላ ስለተከተለው «የመጀመሪያው» ተብሎ ይለያል። 2,500 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው 14 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ሐዲዱን ስለማይጫነው ኩርባ ላይ ከከባዶቹ በልጦ እንዲፈጥን ተፈቅዶለታል። ከ«ኤኢ 4/7» ጋር ሲያስተያዩት ክብደቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ጉልበቱ ግን አራት አምስተኛ እጅ ያህል ነው።

እርስዎ ወደጠየቁት ስሌት እንምጣ። የ57 ቶን ሩብ 14 ቶን ያህል የመጎተት ጉልበት ነው። ሜዳ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት አንድ ቶን ባቡር ለማንከባለል 5 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። የብረት ጎማ በቀላሉ የሚንሸራተተው ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ በቀላሉ የሚንከባለለውም በዚያው ምክንያት ነው። አሥር ቀላል ፉርጎ 300 ቶን፣ ሎኮሞቲቩ ራሱ 57፣ በድምሩ 357 ቶን። ይህን ለማንከባለል የሚፈለገው ጉልበት 2 ቶን እንኳ አይሞላም። የቀረው 12 ቶን ለምን ይውላል? ከጣቢያ ሲነሡ ቶሎ ለመፍጠን። ስዊዘርላንድ ትንሽ አገር ናት፤ ከጄኔቭ ሎዛን፣ ከሎዛን በርን፣ ከበርን ዙሪክ፣ ጣቢያው ቅርብ ለቅርብ ነው። እንደዚህ ባለ መስመር ላይ ሰዓት የሚያተርፈው ተነሥቶ ቶሎ ፍጥነት የያዘ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሹፌር ግልጽ ስለሚሆን። ክብደት መቀነስ ባንድ ቦታ ተጀምሮ ባንድ ቦታ አያበቃም። ፉርጎው ሲቀል ትንሽ ሞተር ይበቃል፤ ሞተሩ ሲያንስ ትራንስፎርመሩ ያንሳል፤ እነዚህ ሲያንሱ የሚሸከማቸው መደብ ይሳሳል፤ መደቡ ሲሳሳ ተሸካሚው አክስል ይቀራል፤ አክስሉ ሲቀር ሎኮሞቲቩ ያጥራል፤ ሲያጥር እንደገና ይቀላል። መሐንዲሶቹ የተከተሉት ይህን ሰንሰለት ነው። ቀላሉን ሎኮሞቲቭ ከቀላሉ ፉርጎ ነጥሎ መረዳት አይቻልም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ እየተማርኩ ነው። የስዊዘርላንድ ባቡር 15 ሺህ ቮልት በ16 ከ2/3 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) እንደሚጠቀም አነበብኩ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ለምን እንደዚህ ያለ እንግዳ ቁጥር መረጡ?

መልስ፦ ልጄ፣ መልሱን በእጅህ ልትይዘው ትችላለህ። የኤሌክትሪክ ድሪል ፈልግ፤ ካርቦን ያለውን፣ የቆየውን ዓይነት። መብራት አጥፍተህ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስነሣውና በጎኑ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ተመልከት። ከኮሙቴተሩ (ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሚዞረው፣ በክፋይ ከተከፋፈለው የመዳብ ቀለበት) እና ኤሌክትሪክ ከሚያቀብለው ካርቦን መገናኛ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ዙሪያውን ሲሮጥ ታያለህ። ስትጫነው ብልጭታው ይረዝማል። ተማሪዎቼን አንድ በአንድ እያጎነበሱ እንዲያዩ አደርግ ነበር፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

የዚያ ዘመን የባቡር ሞተር በአሠራሩ ከዚህ ድሪል ጋር አንድ ዘር ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል። ካርቦኑ በአንድ ጊዜ ሁለት የኮሙቴተር ክፋዮችን ሲነካ፣ በእነሱ መካከል ያለው ጥቅል ሽቦ ለቅጽበት ሾርት ይሆናል። ሞተሩ የሚሠራው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ያ ጥቅል በሚለዋወጠው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ልክ እንደ ትራንስፎርመር ጥቅል ቮልቴጅ ይፈጠርበታል። የቮልቴጁ መጠን ከኸርዙ ጋር አብሮ ይጨምራል። ድሪል ላይ ብልጭታው ምንም አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ዋት በሚወስድ ሞተር ላይ ግን ኮሙቴተሩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ኸርዙን ዝቅ አደረጉት። 16 ከ2/3 ማለት የ50 ሢሶ ነው፤ የተመረጠውም ከ50 ኸርዝ መረብ ጋር በሚሽከረከር ማሽን አማካይነት ለማገናኘት ስለሚመች ነው።

ይህ መፍትሔ ዋጋ አለው፤ እዚህ ላይ ነው ቀላል ሎኮሞቲቭ የሠሩትን ሰዎች ይበልጥ የማደንቃቸው። ኸርዝ ሲቀንስ የትራንስፎርመሩ ብረት መወፈር አለበት። አንተ ራስህ የትራንስፎርመሩን ቀመር አውጥተህ ተመልከተው፤ ለተመሳሳይ ቮልቴጅ ኸርዙ ሢሶ ሲሆን የብረቱ ስፋት ወይም የሽቦው ዙር ያንኑ ያህል መጨመር ይኖርበታል። እነዚህ ሰዎች 57 ቶን ላይ የደረሱት እንግዲህ ከባዱን ትራንስፎርመር ተሸክመው ነው።

ኤሌክትሪኩንም የሚያመነጩት ከራሳቸው የውኃ ኃይል ጣቢያ ነበር፤ ሪቶምና አምሽቴግ የሚባሉት የአልፕስን ተራራ ለሚያቋርጠው ለጎታርድ መስመር የተሠሩ ናቸው። አገሪቱ የድንጋይ ከሰል የላትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰሉ ሲወደድና ሲጠፋ ባቡሩ ሊቆም ደረሰ፤ በ1920 የጎታርድ ዳገት በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ። ከሰል የሌላት፣ ተራራና ወንዝ ያላት አገር ያደረገችው ነው፤ ይህን ስትሰማ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ እኔም የማስበው እሱን ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በሴሚኮንዳክተር አማካይነት ካርቦን የሌለውን ሞተር በፈለጉት ፍጥነት መንዳት ስለሚቻል፣ ከመደበኛው መረብ 50 ኸርዝ በቀጥታ መውሰድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር 25 ሺህ ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር ነው የምጽፈው። አባቶቻችን ሙሴ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ነገር ያነሣው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው ይላሉ። የኤሌክትሪክ ባቡር ሊያመጣ አስቦ ነበር የሚሉም አሉ። እውነት ነው ወይ?

መልስ፦ አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ ተወልዶ፣ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምሮ፣ በ1879 አንኮበር ገባ። ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የባቡሩ ፈቃድ ለኢልግ የተሰጠው በመጋቢት 1894 ነው፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ሆኖ በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው ሥራ የጀመረው። ስለዚህ የባቡሩ ሰው በአንኮበር መኖሩ እውነት ነው፤ በሐዲዱ ላይ የመጣው ግን ኤሌክትሪክ አልነበረም።

ሆኖም አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገርዎ። ኢልግ አንኮበር በገባበት በዚያው በ1879፣ ቬርነር ፎን ሲመንስ በበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ የመጀመሪያዋን በኤሌክትሪክ የምትጎትት ሎኮሞቲቭ ለሕዝብ አሳየ። ነጂው የሚቀመጠው ላይዋ ላይ ነው፤ ከኋላዋ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በክብ ሐዲድ ይዞራሉ። የቀላል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ሁሉ መነሻ እሷ ናት።

ሌላም አለ። የ57 ቶኑ ሎኮሞቲቭ ቦጊና ሳጥን የተሠራው ዊንተርቱር ባለው የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካውን በ1871 ያቋቋመው ቻርልስ ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የኤሌክትሪኩን ክፍል ከሠሩት ሦስት ኩባንያዎች አንዱ ደግሞ የባደኑ ብራውን ቦቬሪ ሲሆን፣ እሱን በ1891 ከዋልተር ቦቬሪ ጋር ያቋቋመው የዚሁ ሰው ልጅ ነው። አባት ከእንፋሎት ጀመረ፣ ልጅ ወደ ኤሌክትሪክ ሄደ፤ ከዓመታት በኋላ የሁለቱ ድርጅቶች ሥራ በአንድ ሎኮሞቲቭ ላይ ተገናኘ።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ነጋዴ ነኝ። ያ ቀላል ሎኮሞቲቭ ጣርማ በርን ይወጣ ነበር? ሐዲዱስ ለምን በእኛ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን አልወጣም?

መልስ፦ መጀመሪያ ዳገቱን እንለካው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ልዩነቱ ቢያንስ 1,700 ሜትር ነው። መኪና በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች እየተጠማዘዘ ወጥቶ ጣልያኖች በቆፈሩት ዋሻ በኩል ያልፋል። ባቡር ግን እንደዚያ አይወጣም። በዓለም ከታወቁት ከባድ የተራራ መስመሮች አንዱ በሆነው በጎታርድ ላይ ዳገቱ በሺህ 27 ነው፤ ማለትም አንድ ሺህ ሜትር ሲሄድ 27 ሜትር ይወጣል። በዚሁ ልክ ጣርማ በር ለመድረስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ያስፈልጋል፤ ያም ያለማቋረጥ ዳገት፣ በገደሉ ላይ እየተጠቀለለ፣ ዋሻ በዋሻ ሆኖ። የአዋሽ መስመር ቆላውን ይዞ በሸዋ ሮቢት ማለፉ ለባቡር ሐዲድ ተፈጥሯዊው መንገድ ነው።

ሎኮሞቲቩን በተመለከተ፦ በሺህ 27 ዳገት ላይ እያንዳንዱ ቶን 27 ኪሎ ወደ ኋላ ይስባል፤ የመንከባለሉ 5 ኪሎ ሲጨመር 32። 14 ቶን ጉልበት ለ430 ቶን ያህል ይበቃል፤ የራሱ 57 ሲቀነስ ወደ 380 ቶን ይቀራል። ይህ ግን ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን ነው። ጣርማ በርን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ጉሙ ሲወርድ ዓለቱም አስፋልቱም ላብ ያልበዋል። ሐዲዱ እንደዚያ ሲረጥብ መያዙ ከመቶ 16 ቢወርድ ጉልበቱ ወደ 9 ቶን ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው 230 ቶን እንኳ አይሞላም። ባቡሩ ዳገቱ መሐል ቆሞ እንደገና ለመነሣት ቢሞክር ደግሞ የፊተኛዎቹ አክስሎች በጉተታው ስለሚቀሉ ቀድመው ይንሸራተታሉ። አሸዋ ከጎማው ፊት በቱቦ የሚነፉት ለዚህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩም ስስ ነው፤ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ እዚያ ከፍታ ላይ ቶሎ ይግላል።

ስዊዘርላንዶችም ይህን ሎኮሞቲቭ የሠሩት ለተራራው አልነበረም፤ ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ ላለው ለደጋማው ሜዳ ነው። ለተራራው ከላይ የጠቀስኩት የሌችበርጉ 80 ቶን ነበራቸው፤ እሱ በሺህ 27 ዳገት ላይ 400 ቶን ይዞ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ለጎታርድ ደግሞ ከ1952 ጀምሮ ስድስት አክስል፣ 120 ቶን ክብደትና 6,000 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው «ኤኢ 6/6» ተሠራለት። እሱም ቢሆን ስድስቱም አክስሎቹ ሠራተኞች ናቸው። ጣርማ በር ላይ ሐዲድ ቢኖር የምመርጠው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ። ስንት ተሠሩ? አሁንስ ይሠራሉ?

መልስ፦ 50 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 26 ከ1946 እስከ 1948 ወጡ፤ በግንባራቸው ላይ መተላለፊያ በር አላቸው፣ ከባቡሩ ሌላ ጫፍ ሆኖ መቆጣጠር ይቻላል፣ በቁልቁለት ላይም በሞተር ፍሬን ሲይዙ ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይመልሳሉ። በ1950 እና 1951 የወጡት 24 ይህ ሁሉ የላቸውም፤ ቀለል ያሉ ናቸው። ቀለማቸው አረንጓዴ ነበር፤ ጥቂቶቹ በኋላ ለዓለም አቀፍ ፈጣን ባቡር ቀይና ክሬም ተቀብተዋል። በ1964 ሁለተኛው «አርኢ 4/4» ሲመጣ፣ 80 ቶን ክብደትና 4,700 ኪሎ ዋት ጉልበት ይዞ ስለነበር ትልልቁን ሥራ ወሰደባቸው። እነሱ ወደ አጫጭር መስመሮች ወርደው እስከ 1990ዎቹ ድረስ አገለገሉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የአጣዬ ተማሪ ነኝ። አንድ ሎኮሞቲቭ ባይ ጉልበቱን በዓይኔ መገመት የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። ቀረብ ብለህ፣ ከሐዲዱ ግን ራቅ ብለህ ቁም፤ ሽቦውና ምሰሶው አጠገብ ፈጽሞ አትሂድ፤ 25 ሺህ ቮልት ሳትነካውም ሊገድልህ ይችላል። ከጎን ሆነህ ጎማዎቹን ቁጠር። በአንድ ቦጊ ሁለት ጎማ ካየህ ባለ አራት አክስል ነው፤ ሦስት ካየህ ባለ ስድስት። በአዲስ አበባ እና በጅቡቲ መካከል ዕቃ የሚጎትቱት ባለ ስድስት ናቸው። ከዚያ በጎማዎቹ መካከል አጎንብሰህ ሳይሆን ከሩቅ ዝቅ ብለህ ተመልከት፤ ሞተሩ ከእያንዳንዱ አክስል አጠገብ ተንጠልጥሎ፣ ወፍራም ገመድ ወደ እሱ ወርዶ ታያለህ። ገመድ የሌለው አክስል ካገኘህ ተሸካሚ ብቻ ነውና አትቁጠረው።

ሠራተኛ አክስሎቹን በአንዱ ላይ በሚያርፈው ቶን አባዛ፤ ለአራት አካፍል። ባለ ስድስት አክስል ሆኖ በእያንዳንዱ 20 ቶን ቢያርፍ 120 ቶን፣ ሩቡ 30 ቶን ጉልበት ነው። ሜዳ ላይ ለእያንዳንዱ ቶን 5 ኪሎ፣ በሺህ 10 ዳገት ላይ 15 ኪሎ አድርገህ አካፍለው፤ ዳገቱ ላይ 2,000 ቶን ይወጣልሃል፤ የሎኮሞቲቩን ክብደት ቀንስና የቀረው የፉርጎዎቹ ነው። አስልተህ ከጨረስክ ወረቀቱን ላክልኝ፤ በሚቀጥለው እትም ከመልሴ ጋር አወጣዋለሁ።